የአንድን አገር የኒውክሌር ኤሌክትሪክ በየክልሉ ማወዳደር፦ ለድሬዳዋ ተማሪዎችና መምህራን የሥራ መመሪያ

ከፈረንሳይ ክልሎች በኒውክሌር ኤሌክትሪክ አንደኛው የቱ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ቢያንስ ሦስት መልስ አለ፤ ሦስቱም ልክ ናቸው። በተተከለ አቅም ኦቬርኝ-ሮን-አልፕ ይቀድማል። አቅሙ ለነዋሪው ሲካፈል ሳንትር-ቫል ደ ሏር ይመራል። ትልቁ ጣቢያ የት ነው ከተባለ ደግሞ ግራቭሊን ያለበት ኦ-ደ-ፍራንስ ነው። ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች የተለያየ ሰንጠረዥ ይዘው ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ የተሳሳተ የለም፤ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ጥያቄ መልሰው ነው የመጡት።

መመሪያው ለዩኒቨርሲቲና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ለፊዚክስና ለጂኦግራፊ መምህራን ነው። ኢትዮጵያ የኒውክሌር ጣቢያ ገና የላትም። ሆኖም መስከረም 15 ቀን 2018 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ ከሩሲያ ጋር በዚሁ ጉዳይ የትብብር ሰነድ ተፈርሟል፤ ስለዚህ «የት ይተከል? ለማን ይድረስ?» የሚለው ክርክር ከዚራ ጥላ ሥር ሻይ ይዘው የሚቀመጡት ዘንድም መድረሱ አይቀርም። ቁጥር አያያዙን ቀድሞ መልመድ ይጠቅማል።

የፈረንሳይን ምሳሌ የያዝነው መረጃው በክልል ተከፋፍሎ በነጻ ስለሚገኝ ነው። ሌላው ምክንያት የድሬ ነው፦ ከጅቡቲ የመጣ ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. የቆረቆራት ከተማ ፈረንሳይኛ ባዕድ አይሆንባትም። በየቀኑ «ለገሃር» የሚል ሰው «ኑክሌዬር» የሚል አምድ ቢያይ አይደነግጥም፤ ካስቸገረውም አሊያንስ የሚማር ጓደኛ ወይም ጡረታ የወጣ የምድር ባቡር ሠራተኛ አያጣም። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካልተባሉ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄውን መለየት

ሰንጠረዥ ከመክፈታችሁ በፊት ከሚከተሉት የትኛውን እንደምታወዳድሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ አቅም (ሜጋዋት)፣ በዓመት የመነጨ ኃይል (ሜጋዋት ሰዓት ወይም ሚሊዮን ጊዜ የሚበልጠው ቴራዋት ሰዓት)፣ ወይም ድርሻ (በመቶኛ)። ባጃጅ አስቡ። ሦስት ተሳፋሪ የሚጭን መሆኑ አቅሙ ነው። ከሳቢያን ከዚራ ሲመላለስ ውሎ ማታ የቆጠረው ተሳፋሪ ደግሞ ምርቱ ነው። ጋራዥ የዋለ ባጃጅም ሦስት ሰው የመጫን አቅም አለው፤ የጫነው ግን የለም።

ይህ ቀልድ የሚመስለው ልዩነት በጃፓን ትልቅ ሆኖ ይታያል። ኒጋታ ግዛት ያለው የካሺዋዛኪ-ካሪዋ ጣቢያ በሰባት ሬአክተሮቹ ጠቅላላ 8,212 ሜጋዋት አቅም ተመዝግቦለት ከዓለም ትልቁ ሲባል ኖሯል። ከመጋቢት 2012 ጀምሮ ግን ከአሥር ዓመት በላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት እንኳ ሳያመነጭ ቆሞ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ጃፓንን በአቅም ብታወዳድሩ ኒጋታ ከላይ ትወጣለች፤ በምርት ብታወዳድሩ ዜሮ ናት። ስለዚህ ከ2011ዱ የፉኩሺማ አደጋ በኋላ ያለውን ጃፓን የሚያጠና ሰው «ፈቃድ ያለው» እና «እየሠራ ያለው» የሚሉ ሁለት አምዶች መያዝ ግዴታው ነው።

ከሬአክተሩ መነሳት

የክልል ድምር ከሌላ ሰው ሰንጠረዥ አትቅዱ። ከሬአክተሩ ተነስታችሁ ራሳችሁ ደምሩ፤ ጊዜ የሚወስደው አንድ ከሰዓት ብቻ ነው፣ በኋላ ግን ስህተት ሲፈጠር የት እንዳለ ታውቃላችሁ። ዝርዝሩን ከዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ የሬአክተር መረጃ ቋት (ፕሪስ) ታገኛላችሁ። ለእያንዳንዱ ሬአክተር አንድ ረድፍ ስጡ፤ አምዶቹ የሬአክተሩ ስም፣ ጣቢያው፣ ክልሉ፣ የተጣራ አቅም፣ ጠቅላላ አቅም፣ ከኤሌክትሪክ መረብ ጋር የተገናኘበት ቀን፣ የተዘጋበት ቀን፣ የሚቀዘቅዝበት ውኃ (ባሕር፣ ወንዝ፣ የወንዝ አፍ) ይሁኑ። የመጨረሻውን አምድ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እናንተ ግን ያዙት፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ስትመረምሩ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ነው።

ፕሪስ ለአንድ ሬአክተር ሦስት ዓይነት ሜጋዋት ያስቀምጣል። የሙቀት አቅም ሬአክተሩ የሚያፈልቀው ሙቀት ነው። ጠቅላላ አቅም ከጀነሬተሩ የሚወጣው ነው። የተጣራው ደግሞ ጣቢያው ለራሱ ፓምፕና መብራት የወሰደው ተቀንሶ መረብ ላይ የሚደርሰው ነው። ለምሳሌ ግራቭሊን ላይ የአንዱ ሬአክተር ጠቅላላ አቅም 951፣ የተጣራው 910 ሜጋዋት ነው። የዚህ ትውልድ ሬአክተር የሙቀት አቅም ደግሞ 2,785 ሜጋዋት ይሆናል፤ ከሙቀቱ አንድ ሦስተኛው ብቻ ነው ኤሌክትሪክ የሚሆነው። ሁልጊዜ የተጣራውን ያዙ። አንዱን ክልል በጠቅላላ፣ ሌላውን በተጣራ መያዝ ከ4 በመቶ በላይ ስህተት ሊያስገባ ይችላል፤ ተቀራራቢ ክልሎችን ደረጃ ለማቀያየር ይህ ይበቃል።

በ2020 የፌሰንሃይም ጣቢያ ከተዘጋ በኋላና አዲሱ ሬአክተር ፍላማንቪል 3 ሥራ ከመጀመሩ በፊት የፈረንሳይ ሰንጠረዥ በተጣራ ሜጋዋት እንዲህ ነበር፦

ኦቬርኝ-ሮን-አልፕ፦ 14 ሬአክተር፣ 13,570 (ቡዤ 3,580፣ ሳን-አልባን 2,670፣ ክሩዋስ 3,660፣ ትሪካስታን 3,660)
ሳንትር-ቫል ደ ሏር፦ 12 ሬአክተር፣ 11,630 (ቤልቪል 2,620፣ ዳምፒየር 3,560፣ ሳን-ሎራን 1,830፣ ሺኖን 3,620)
ግራን ኤስት፦ 8 ሬአክተር፣ 10,820 (ካትኖም 5,200፣ ሾ 3,000፣ ኖዣን 2,620)
ኖርማንዲ፦ 8 ሬአክተር፣ 10,640 (ፓሉዌል 5,320፣ ፓንሊ 2,660፣ ፍላማንቪል 2,660)
ኑቬል-አኪቴን፦ 6 ሬአክተር፣ 6,630 (ብላዬ 3,640፣ ሲቮ 2,990)
ኦ-ደ-ፍራንስ፦ 6 ሬአክተር፣ 5,460 (ሁሉም ግራቭሊን)
ኦክሲታኒ፦ 2 ሬአክተር፣ 2,620 (ጎልፌሽ)

ድምሩ 56 ሬአክተርና 61,370 ሜጋዋት ነው። የእናንተ ድምር ከዚህ ከተለየ ወደፊት አትሂዱ፤ መጀመሪያ የጎደለውን ፈልጉ። ልዩነቱ 880 ወይም 910 ከሆነ አንድ ሬአክተር ዘላችኋል፤ 1,760 ተርፎ ከመጣ የተዘጋውን ፌሰንሃይም ደምራችኋል።

ከባሕር ማዶ ያሉትን ሳይጨምር አገሪቱ 13 ክልሎች አሏት፤ ስድስቱ ሬአክተር የላቸውም። እነዚህንም ዜሮ ሰጥታችሁ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገቧቸው። ዜሮዎቹ ካልገቡ አማካዩ በሰባት ተካፍሎ ይተልቃል፣ ፓሪስ ያለችበት ኢል-ደ-ፍራንስም ከሥዕሉ ትጠፋለች። ትልቁ ተጠቃሚ የጠፋበት ንጽጽር ደግሞ ምን ሊያሳይ ይችላል?

ፍላማንቪል 3 ከመረብ ጋር የተገናኘው ታኅሣሥ 21 ቀን 2024 ነው፤ አቅሙ 1,630 ሜጋዋት ገደማ ነው። ሲደመር ኖርማንዲ ከ10,640 ወደ 12,270 ትዘላለች፤ ከአራተኛ ደረጃ ተነስታ ግራን ኤስትንም ሳንትርንም አልፋ ሁለተኛ ትሆናለች። ሬአክተሩ ሙሉ ኃይሉ ላይ ለመድረስ ግን አንድ ዓመት ገደማ ፈጅቶበታል። ስለዚህ ለ2025 አቅሙን ሙሉውን ቆጥራችሁ ምርቱን በእሱ ብታካፍሉ ኖርማንዲ ያለጥፋቷ ሰነፍ ትመስላለች። እንዲህ ያለውን ሬአክተር እስኪረጋጋ ድረስ በተለየ ረድፍ አቆዩት።

ድንበሩ የየትኛው ዘመን ነው?

ይህን የኢትዮጵያ አንባቢ ከማንም በላይ ይረዳዋል። የደቡብ ክልል የሚል ስም ያለበትን የ2010 ዓ.ም. ሪፖርት ከዛሬው ጋር ማወዳደር የማይቻለው ክልሉ ለብዙ ስለተከፈለ ነው። ፈረንሳይ የሄደችበት መንገድ ተቃራኒ ነው፦ ጥር 1 ቀን 2016 ላይ 22 ክልሎቿን አጣምራ 13 አደረገቻቸው። አልዛስ፣ ሎሬንና ሻምፓኝ-አርደን ግራን ኤስት ሆኑ። ላይኛውና ታችኛው ኖርማንዲ አንድ ሆኑ፤ ፓሉዌልና ፓንሊ ከፍላማንቪል ጋር በአንድ ረድፍ የተገኙት ከዚያ ወዲህ ነው። ሳንትር ወሰኑ አልተነካም፣ ስሙ ብቻ ረዘመ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ክልልን በሬአክተሩ ረድፍ ላይ እንደ መለያ ብቻ ያዙት፣ ቁጥሩን ከሬአክተሩ ጋር አስሩት። ድንበር ሲቀየር መለያውን ትቀይራላችሁ፣ ድምሩ ራሱን ያስተካክላል። ከሬአክተሩ ተነሱ ያልነው ለዚህም ጭምር ነው።

የድንበር መስመር የሚያሳስትበት ሌላም መንገድ አለ። ኖዣን ከፓሪስ በስተ ደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሴን ወንዝ ዳር ያለ ጣቢያ ነው፤ በወረቀት ግን የግራን ኤስት ነው። ትሪካስታን ደግሞ ከፕሮቫንስ ክልል ወሰን ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ለኦቬርኝ-ሮን-አልፕ ይቆጠራል። የትሪካስታን ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ከጎኑ የነበረው አሮጌው የዩራኒየም ማበልጸጊያ ፋብሪካ በ2012 እስኪዘጋ ድረስ የአራቱን ሬአክተሮች አብዛኛውን ኤሌክትሪክ ይውጠው ነበር። ከ2012 በፊትና በኋላ የክልሉ ምርት እምብዛም ሳይለወጥ ወደ ሌሎች የሚተርፈው ግን በእጅጉ ጨምሯል። በምርት አምድ ብቻ የሚያይ ሰው ይህን ለውጥ አያየውም።

የመነጨውን መቁጠር

የፈረንሳይ የማስተላለፊያ መረብ አስተዳዳሪ፣ አር.ቴ.ኧ.፣ ኤኮ2ሚክስ በሚል ስም ከ2013 ጀምሮ የየክልሉን ምርትና ፍጆታ በየግማሽ ሰዓቱ ያወጣል። የምትፈልጉት አምድ «ኑክሌዬር»፣ ከጎኑም «ኮንሶማሲዮን» (ፍጆታ) ነው። ፋይሉ ላይ የሚሰናከል ሰው ብዙ ስለሆነ እዚህ ረጋ ብለን እንሂድ።

መጠኑን አስቡ። አንድ ክልል በዓመት 17,520 ረድፍ አለው። ፋይሉ ኮርሲካን ሳይጨምር 12 ክልሎችን ስለሚይዝ አንድ ዓመት 210,240 ረድፍ ይሆናል። ኤክሴል ከ1,048,576 ረድፍ በላይ አይዝም፤ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ ፋይል ሲከፈት የተረፈውን ይቆርጠዋል። ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ «እሺ» የሚል ሰው ጎዶሎ ሰንጠረዥ ይዞ ይቀጥላል። ስለዚህ ስታወርዱ በዓመት ወይም በክልል አጥርታችሁ አውርዱ፤ ለዳታ ወጪም ይረክሳል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ደግሞ ግማሽ የወረደ ፋይል ሙሉ መስሎ ሊከፈት ይችላልና የመጨረሻው ረድፍ ታኅሣሥ 31 ላይ ማለቁን እዩ።

ፋይሉ አምዶችን የሚለየው በነጠላ ሰረዝ ሳይሆን በሴሚኮለን ነው። ሁሉም ነገር በአንድ አምድ ተጨናንቆ ከመጣ ፋይሉ አልተበላሸም፤ «ቴክስት ቱ ኮለምስ» የሚለውን ከፍታችሁ ሴሚኮለን ምረጡ።

ትልቁ ስህተት እዚህ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ የተመዘገበው ሜጋዋት ነው፣ ሜጋዋት ሰዓት አይደለም። አንድ ረድፍ 5,000 ቢል በዚያ ግማሽ ሰዓት የመነጨው 2,500 ሜጋዋት ሰዓት ነው። ዓመቱን ሙሉ ደምራችሁ በሁለት ካላካፈላችሁ ክልሉ እጥፍ ይሆናል። አንድ ክልል ከሚችለው በላይ ያመነጨ መስሎ ከታያችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ነው።

ሰዓቱም ወጥመድ አለው። ፈረንሳይ በመጋቢት የመጨረሻ እሑድ ሰዓቷን ወደፊት፣ በጥቅምት የመጨረሻ እሑድ ወደኋላ ታደርጋለች። አንደኛው ቀን 46፣ ሌላኛው 50 ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ለዓመት ድምር ብዙ አይጎዳም፤ የቀን ንጽጽር ለሚሠራ ግን ያ እሑድ ያለምክንያት ዝቅ ወይም ከፍ ይልበታል። በክረምታቸው ፓሪስ እኩለ ሌሊት ሲሆን ድሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው 7 ሰዓት። የኮምፒዩተራችሁ ፕሮግራም ሰዓቱን በራሱ ወደ አዲስ አበባ ከቀየረው የታኅሣሥ 31 የመጨረሻ ረድፎች ወደ ቀጣዩ ዓመት ይንሸራተታሉ።

ባዶ ሳጥንና ዜሮ አንድ አይደሉም። ሬአክተር የሌለው ክልል ሳጥኑ ባዶ ይመጣል፤ ኤክሴል አማካይ ሲያወጣ ባዶውን ይዘለዋል፣ ዜሮውን ይቆጥራል። በተጨማሪም የቅርብ ወራት ቁጥር ጊዜያዊ ነው፣ በኋላ ተጣርቶ ይስተካከላል። ለክፍል ሥራ ቢያንስ አንድ ዓመት ያለፈውን መያዝ ይሻላል።

ስለ ዓመት ስናወራ፦ የኢትዮጵያ የበጀት ዓመት በራሳችን አቆጣጠር ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፣ የህንድ ከሚያዝያ እስከ መጋቢት፣ የፈረንሳይ መረጃ ከጥር እስከ ታኅሣሥ። ህንድን ከፈረንሳይ ልታወዳድሩ ከሆነ ወርሃዊ መረጃ አውርዳችሁ ራሳችሁ አሰልፉ። የሰዓት ቁጥሩም እንዲሁ፦ ተራ ዓመት 8,760 ሰዓት፣ እንደ 2024 ያለው 8,784 ነው። ጳጉሜን 6 የሆነችበት የእኛ ዓመት (2015 ዓ.ም.) ከእነሱ ቀደም እንደምትል አትርሱ፤ አካፋዩን በዘልማድ የሚሞላ ሰው እዚህ ይሳሳታል።

ምርትን በአቅም ማካፈል

የአቅም አጠቃቀም ምጣኔ ማለት የመነጨው ኃይል፣ ጣቢያው ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ ኖሮ ለሚያመነጨው ሲካፈል ነው። የግራቭሊን ጣሪያ 5,460 ሲባዛ በ8,760፣ ማለትም 47.8 ቴራዋት ሰዓት ገደማ ነው። የዓመቱ ምርት 30 ቢሆን ምጣኔው 63 በመቶ ይሆናል (30 ለመለማመጃ የያዝነው ነው)።

ለመላው አገር ስናሰላው ጣሪያው 537.6 ቴራዋት ሰዓት ነው። በ2022 የመነጨው 279 ነበር፤ 52 በመቶ። በ2023 ወደ 320 ከፍ አለ፤ 60 በመቶ ገደማ። በ2024 ወደ 362 ደረሰ፤ 67 በመቶ። የ2024ቱን ልብ በሉ። በዚያው ዓመት ኒውክሌር ከአገሪቱ ጠቅላላ ምርት የነበረው ድርሻም 67 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱ እኩል የሆኑት በአጋጣሚ ነው። አንዱ ስለ ሬአክተሮቹ አሠራር፣ ሌላው ስለ አገሪቱ የኃይል ስብጥር ይናገራል፤ ሰንጠረዡ ላይ «67» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ የትኛውን እንደጻፈ ነገ ራሱ አያውቀውም።

የአሜሪካ ሬአክተሮች ምጣኔ 92 በመቶ አካባቢ ነው። ይህ ፈረንሳዮች ደካሞች ናቸው ማለት አይደለም። ኒውክሌር አብዛኛውን ኃይል በሚሰጥበት አገር ሬአክተሩ ሌሊትና ቅዳሜና እሑድ ፍጆታ ሲቀንስ አብሮ ዝቅ ማለት አለበት፤ የአሜሪካው ግን ዝቅ የማለቱን ሥራ ለጋዝ ጣቢያ ትቶ ሳያቋርጥ ይሠራል። ሁለት አገር አቋርጣችሁ ክልሎችን ስታወዳድሩ ይህን ምጣኔ እንደ ጉብዝና መለኪያ አትያዙት።

የክልል ምጣኔ ስታወጡ የጣቢያዎቹን መቶኛ ደምራችሁ በቁጥራቸው አታካፍሉ። ኑቬል-አኪቴንን ለልምምድ ውሰዱ፦ ሲቮ (2,990) 10 በመቶ፣ ብላዬ (3,640) 70 በመቶ ቢሠሩ ተራው አማካይ 40 ይላል። በአቅማቸው መዝናችሁ ስታሰሉት ግን 42.9 ነው። በተግባር ከዚህ የሚብስ ልዩነት ይገጥማችኋል።

አካፋዩ ማን ይሁን?

ለነዋሪ ማካፈል ደረጃውን ይገለብጠዋል። ሳንትር-ቫል ደ ሏር 2.6 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ስላለው ለአንድ ሰው 4.5 ኪሎዋት ይደርሰዋል። ኖርማንዲ 3.2፣ በአቅም አንደኛው ኦቬርኝ-ሮን-አልፕ 1.7፣ ኦክሲታኒ ደግሞ 0.4 ገደማ።

ድርሻ ሌላ ነገር ነው። በአሜሪካ ኢሊኖይ 11 ሬአክተር አላት፤ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከኒውክሌር ነው። ኒው ሃምሻየርም እንዲሁ ከግማሽ በላይ ትላለች፤ ያላት ግን ሲብሩክ የሚባል አንድ ሬአክተር ብቻ ነው። በመቶኛ እኩል ተቀምጠው ሳለ በመጠን አንዷ የሌላዋ ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ናት። መቶኛ በጻፋችሁበት ሁሉ ከጎኑ ሜጋዋቱን ጻፉ።

«ድርሻ» ራሱ ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ክልሉ ካመነጨው ነው ወይስ ክልሉ ከተጠቀመው? ሁለተኛው ከ100 በመቶ ሊያልፍ ይችላል፤ በሳንትር በብዙ ያልፋል። ተማሪው ይህን ሲያይ ስህተት መስሎት ይሰርዘዋል። አይሰረዝም፤ የተረፈው በመስመር ወደ ፓሪስና ወደ ሌሎች ይሄዳል ማለት ነው። ይህን የድሬ ልጅ በቀላሉ ይረዳዋል፦ ከ2011 ጀምሮ ከድሬዳዋ ተነስቶ በ230 ኪሎቮልት መስመር ወደ ጅቡቲ የሚሻገረው ኃይል በድሬዳዋ የመነጨ አይደለም። የአወዳይ ገበያ ላይ የተጫነ ጫት ሁሉ አወዳይ ላይ አልበቀለም። ከማመንጫው ጎን፣ ከማስተላለፊያው ጎን ወይስ ከቆጣሪው ጎን እንደምትቆጥሩ በሰንጠረዡ ራስጌ ላይ ይጻፍ።

የባለቤትነት ጉዳይ ሲጨመር ይበልጥ ይወሳሰባል። አሪዞና በረሃ ያለው ፓሎ ቬርዴ ባለቤቶቹ ካሊፎርኒያ፣ ኒው ሜክሲኮና ቴክሳስ ያሉ ኩባንያዎችም ጭምር ናቸው። በቦታ ከቆጠራችሁ ሁሉም የአሪዞና ነው፤ በባለቤትነት ከቆጠራችሁ ተበታትኖ ይወጣል። በአንድ ሥራ ውስጥ አንዱን ብቻ ያዙ።

ልዩነቱ ከየት መጣ?

እዚህ ላይ የማቀዝቀዣ ውኃ አምድ ይከፍላችኋል። ኖርማንዲና ግራቭሊን በባሕር፣ ብላዬ በዢሮንድ ወንዝ አፍ ይቀዘቅዛሉ። የሮንና የጋሮን ወንዝ ጣቢያዎች በሐምሌና በነሐሴ ወንዙ ሲሞቅና ሲቀንስ ኃይል ይቀንሳሉ፤ ጎልፌሽ ከጣቢያው በታች ያለው የጋሮን ውኃ ከ28 ዲግሪ እንዳያልፍ ግዴታ አለበት። ስለዚህ የበጋቸውን ወራት ብቻ ይዛችሁ ኦክሲታኒን ከኖርማንዲ ማወዳደር አየሩን ማወዳደር ነው። ባሕሩም ቢሆን ዋስትና አይሰጥም፦ በነሐሴ 2025 ጄሊፊሽ የግራቭሊንን የውኃ ማጣሪያ ደፍኖ አራት ሬአክተር አስቁሟል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ቀድሞም ለጥገና ቆመው ስለነበር ክልሉ ወደ ዜሮ ወረደ። ውኃ ከጉድጓድ በሚቀዳበት ከተማ ለምትኖሩ የፓሎ ቬርዴ ነገር ሊያስደንቃችሁ ይችላል፤ ሦስቱ ሬአክተሮች የሚቀዘቅዙት ከፊኒክስ አካባቢ በሚመጣ የታከመ የፍሳሽ ውኃ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የጥገና ፕሮግራም ነው። ሬአክተር በየዓመቱ ወይም በየዓመት ተኩሉ ነዳጅ ለመቀየር ይቆማል፤ በየአሥር ዓመቱ ደግሞ ለወራት የሚዘልቅ ትልቅ ፍተሻ አለው። 14 ሬአክተር ያለው ክልል ይህ ብዙም አይታይበትም። ኦክሲታኒ ግን ሁለት ብቻ ስላሏት አንዱ ሲቆም ግማሽ ትሆናለች። የአምስት ዓመት አማካይ ውሰዱ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ዓመትም ከጎኑ አስቀምጡ።

ሦስተኛው የዲዛይን ጉድለት በአንድ ትውልድ ላይ ሲወጣ ነው። በ2021 መጨረሻ ሲቮ ላይ በቧንቧ ብየዳ አካባቢ የዝገት ስንጥቅ ተገኘ። ያው ትውልድ የሆኑት አራቱ የሲቮና የሾ ሬአክተሮች 2022ን በአመዛኙ ቆመው አሳለፉት፤ ፍተሻው ወደ 1,300 ሜጋዋት ትውልድም ዘለቀ። ጉዳቱን በክልል ካያችሁት ኑቬል-አኪቴንና ግራን ኤስት ተመቱ ትላላችሁ። በትውልድ ካያችሁት ግን ክልል ምንም አያገባውም። ለ2022 ብቻ የተሠራ የክልል ደረጃ ካገኛችሁ ወደ ጎን አድርጉት።

ስለ ሥዕል አንድ ነገር፦ ካርታ በቀለም መቀባት ያምራል፤ ግን በስፋት ከሁሉ የምትበልጠው ኑቬል-አኪቴን ስድስት ሬአክተር ብቻ ይዛ ዓይን ትወስዳለች። በመጠናቸው የተደረደሩ አግድም ዘንጎች ይሻላሉ።

በአገራችን ቁጥር መለማመድ

ኒውክሌር ባይኖርም ዘዴው ያው ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት ሆኖ ቤኒሻንጉል-ጉሙዝ ላይ ይቆጠራል፤ የአዳማ አንድና ሁለት የነፋስ ጣቢያዎች 51 እና 153 ሆነው ኦሮሚያ ላይ። አቅሙን ለነዋሪ ብታካፍሉ ቤኒሻንጉል ጣሪያ ትነካለች፤ በቆጣሪ በኩል ብትለኩ ሌላ ሥዕል ይወጣል። ድሬዳዋና ሐረሪ በማመንጨት አምድ ከፓሪስ ክልል ጋር ከታች ይቀመጣሉ። ሁለቱን ሰንጠረዥ ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንድ ክፍለ ጊዜ ብታወያዩ ከመጽሐፉ ትርጓሜ የተሻለ ይያዛል።

ድምሩ እንቢ ሲል

ሥራው ሲያልቅ የክልሎቹን ድምር ከአገር አቀፉ ቁጥር ጋር አካፍሉ። ውጤቱ 1 አካባቢ ከሆነ ጨርሳችኋል። ካልሆነ ራሱ ቁጥሩ በሽታውን ይነግራችኋል። 2 ከወጣ ግማሽ ሰዓቱን አላካፈላችሁም። 3 ገደማ ከወጣ የሙቀት አቅምን እንደ ኤሌክትሪክ ይዛችኋል። 1,000 ወይም 0.001 ከሆነ ሜጋና ጊጋ ተቀላቅለዋል። 1.04 አካባቢ ከሆነ ጠቅላላና የተጣራው ተደበላልቀዋል። 0.997 ከሆነ 8,760 በ8,784 ቦታ ገብቷል። ከአቅም ድምሩ ላይ ልክ 5,460 ከጎደለ ደግሞ ግራቭሊንን ረስታችኋል፤ ምናልባት የክልሉ ስም አንድ ቦታ ላይ በጭረት፣ ሌላ ቦታ ያለ ጭረት ተጽፎ ኤክሴል ሁለት ክልል አድርጎት ይሆናል።